የሰኔ ልጆች

ቡታጅራ ውስጥ ባሏ አዲስ አበባ የሚነግድ ሴት በየትኛው ወር እንደምትወልድ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ወንዶቹ ለመስቀል ይመጣሉ። አውቶቡሶቹ በሰውና በዕቃ ጢም ብለው ይገባሉ፤ ከተማው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይስቃል፤ ጥቅምት ሲገባ መንገዱ ተመልሶ ጭር ይላል። ሰኔ ላይ ደግሞ አዋላጆቹ ዕረፍት ያጣሉ።

ዘርፈሽዋልም አራቱንም ልጆቿን የወለደችው በሰኔ ነው። ጎረቤቶቿ "የዘርፌ ምጥና ክረምት ቀጠሮ አላቸው" እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። በአራተኛው ልጅ ላይ ግን ሳቁ አበቃ። ልጁ በደህና ወጥቶ ሳለ ደሟ አልቆም አለ። የሰው ደም ተሰጥቷት፣ ነፍሷ ከሄደችበት ተመልሳ ዓይኗን ስትገልጥ፣ ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣

"እህቴ፣ ልጆች አሉሽ፤ እነሱን አሳድጊ" አላት። "ሌላ ብታረግዢ አንቺን ለማትረፋችን ማረጋገጫ የለኝም።"

ባሏ ተረፈ ይህን የሰማው መርካቶ፣ ፕላስቲክ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ሆኖ በስልክ ነው። "ተመስገን፣ ተረፍሽልኝ" አለ። ስለ ሌላው ነገር ግን ትንፍሽ አላለም። ተረፈ ክፉ ሰው አልነበረም። አይጠጣም፣ አይማታም፣ ለቤቱ የሚልከው አይቋረጥም። እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ብቻ፣ ጉዳዩ የሴቶች ነው ብሎ ይሁን አፍሮ፣ ምላሱ ይታሰራል።

ዘርፈሽዋል የራሷም ሥራ ነበራት። በአካባቢው ካለችው የቆሼ ከተማ ገበያ ወርዳ ዛላ በርበሬ ታመጣለች፤ ትለቅማለች፣ ታሰጣለች፣ አስፈጭታ ትሸጣለች። በርበሬዋን አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ በስም እየጠሩ ያስልካሉ። ባረገዘች ቁጥር ሥራው ይቆማል፤ ደንበኞቿም ሌላ ቤት ይለምዳሉ። ስትነሳ ከዜሮ ትጀምራለች። እንዲህ ስትወድቅ ስትነሳ ሠላሳዎቹን አጋመሰች።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ መስቀል ሲቃረብ፣ ፍርሃት ያዛት። ባሏን ትናፍቀዋለች፤ መምጣቱን ደግሞ ትፈራለች። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ሆድ ውስጥ ሲገቡ ሰው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ቀን ነጠላዋን ተከናንባ በሰፈሯ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደች። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ለቤተሰብ ምጣኔ የመጣችሁ በዚህ በኩል ቁጭ በሉ!" ብሎ ጮኸ። አግዳሚው ወንበር ፊቱ ወደ መንገዱ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ያያል። እዚያ ላይ ከዕድሯ ሴቶች አንዷ ተቀምጣ ኖሯል።

"ዘርፌ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ልትሠሪ?" አለቻት ሴትዮዋ እየሳቀች። "ተረፈ መጥቷል እንዴ?"

"ኧረ የልጁን ክትባት ልጠይቅ ነው" አለች ዘርፈሽዋል። ፊቷ እሳት እየመሰለ ተመልሳ ወጣች።

በሴትዮዋ አልፈረደችባትም። ባሏ አጠገቧ የሌለ ሴት የወሊድ መከላከያ ትፈልጋለች ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች። በሌላ ሴት ቢሆን እሷ ራሷ ትጠይቅ የነበረው ያንኑ ነው።

ስለዚህ ማንም ወደማያውቃት አገር ለመሄድ ወሰነች። "ወልቂጤ በርበሬ የሚገዛኝ ሰው አለ" ብላ ልጆቹን ለአማቷ ለእማማ ፈለቀች አደራ ሰጠች፤ አንድ ማዳበሪያ በርበሬ አስጭና በጠዋት ተሳፈረች። መኪናው ተራራውን ወጥቶ አረቅጥ ሲደርስ ጉም መንገዱን ውጦት ነበር። ሾፌሩ መብራት አብርቶ እያዘገመ፣ ተሳፋሪው እየጸለየ፣ እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት። በዚያ ጉም ውስጥ የማንም ሚስት፣ የማንም ምራት አልነበረችም።

ወልቂጤ በርበሬዋን ገበያው ላይ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ በወረደ ዋጋ ሸጠችና ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ገባች። ሆሳዕና የምትባል ነርስ ተቀበለቻት።

"ባለቤትሽስ?" አለቻት ነርሷ።

"አዲስ አበባ ነው።" ዘርፈሽዋል ይህን ብላ ቀጣዩን ጥያቄ ለመስማት አንገቷን ደፋች።

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"ለመስቀል።"

"እንግዲያው በጊዜ መጥተሻል" አለች ሆሳዕና፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ዘርፈሽዋል እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። የሦስት ወሩን መርፌ፣ እንክብሉን፣ በክንድ የሚቀበረውን ሁሉ ነርሷ ካስረዳቻት በኋላ ዘርፈሽዋል የክንዱን መረጠች። ዓመታት ይቆያል፤ ደጋግሞ መመላለስ የለም። ክንዷ ተደንዝዞ፣ ቀጫጭኖቹ ዘንጎች ከቆዳዋ ሥር ገብተው፣ በፋሻ ታሥሮላት ወጣች።

መናኸሪያው በር ላይ "እትዬ ዘርፌ!" የሚል ድምፅ ጠራት። ይታገሱ ነው፤ የተረፈ የአጎት ልጅ፣ የሚኒባስ ሾፌር። የኮንትራት ሰው ይዞ ወልቂጤ መምጣቱ ነበር።

"ምን እግር ጣለሽ?"

"በርበሬ ሸጬ።"

"ክንድሽስ ምን ሆነ?"

ነጠላዋ ተንሸራቶ ፋሻው ታይቷል። "ማዳበሪያው... ሲወርድ መታኝ" አለች። ይታገሱ አዘነላት። የራሱ መኪና ውስጥ ከፊት አስቀምጦ፣ ምሳ ጋብዞ፣ እስከ ቤቷ አደረሳት። ክፋት አልነበረውም። በማግሥቱ ግን እማማ ፈለቀች ቤት ቁጭ ብሎ፣ "እትዬ ዘርፌን ወልቂጤ አገኘኋት፤ ክንዷ ታሥሮ፤ ስጠይቃት ደነገጠች" አለ። እማማ ፈለቀች በበኩላቸው ለአንዲት ጎረቤታቸው፣ "ወልቂጤ ማን አላት?" አሉ። ጎረቤቲቱ ጥያቄውን ተቀብላ መልስ አድርጋ አሳለፈችው፦ ወልቂጤ ሰው አላት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ዘርፈሽዋል የሰማችው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዕድር ላይ አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ መሆን ጀመረ። ቀጥሎ ትልቋ ልጇ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች፤ ለምን እንዳለቀሰች ግን አልናገርም አለች። በመጨረሻም ተረፈ ደወለ።

"ወልቂጤ ምን አለሽ?"

"ስትመጣ እነግርሃለሁ።"

"አሁን ንገሪኝ።"

"በስልክ የሚነገር አይደለም፣ ተረፈ።"

ስልኩን ዘጋው። ለመስቀል መጣ፤ ልጆቹን ሳመ፤ ደመራው ተለኮሰ፤ ሥጋው ተበላ። እሷን ግን እንደ እንግዳ ያያት ነበር። በዓሉ እንዳለፈ እማማ ፈለቀች ቤት ሽማግሌ ተቀመጠ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ፈቃደ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ይታገሱ፣ ተረፈና እናቱ። ዘርፈሽዋል ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"ልጄ፣" አሉ አቶ ፈቃደ በለዘበ ድምፅ፣ "ሰው ብዙ ያወራል። አንቺ ራስሽ ብትነግሪን ይሻላል።"

ዘርፈሽዋል እጅጌዋን ሰበሰበች። "ይኸው። ለዚህ ነው የሄድኩት።"

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አልገባቸውም። አቶ ፈቃደ አጎንብሰው ቆዳዋ ሥር ያበጠውን መስመር አዩት፤ ሲገባቸው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብላ አስባ ነበር። ሰው የለኝም፤ ያለኝ ይህ ብቻ ነው፤ ይኸው ምስክሬ ብላ ነበር። እማማ ፈለቀች ግን ከተቀመጡበት ተነሡ።

"ባልሽ ዓመቱን ሙሉ አገር የለ! ከማን ነው የተከላከልሽው?"

"ከልጅዎ ነዋ!" አለች ዘርፈሽዋል። ድምፅዋ ለራሷም ጮኸባት። "የሚመጣው እሱ! የማረግዘው ከእሱ! በእሱ ልጅ አይደል ልሞት የነበረው?"

 ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ይታገሱ መሬት መሬቱን ያያል። እውነቱን በአደባባይ የተናገረች ሴት ከዋሸች ሴት ይልቅ እንደምታሳፍር ዘርፈሽዋል ያን ዕለት አወቀች። አቶ ፈቃደ "ይህ እንግዲህ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው" ብለው ከዘራቸውን አነሡ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ በርበሬ ስታሰጣ ተረፈ ወደ ግቢው ወጣ። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ እሱም ዛላውን ይበትን ጀመር። እንዲህ ጎን ለጎን ከሠሩ ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል።

"አምንሻለሁ" አላት።

ቀና ብላ አየችው። "እውነትህን ነው?"

"አውቅሻለሁ እኮ፣ ዘርፌ።"

"እንግዲያው ንገራቸዋ። ለእናትህ ንገራቸው። መርካቶ ላሉትም ንገራቸው።"

"ምን ብዬ?" ዛላውን ለቀቀው። "እኔ ሱቅ ግራና ቀኙ የዚህ አገር ሰው ነው። የአንቺ ወሬ ቀድሞኝ ገብቷል። 'ሚስቴ መከላከያ የያዘችው ከእኔ ነው' ብል ይስቁብኛል፣ አይሰሙኝም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

 የለቀቀውን ዛላ መልሶ አነሣና፣ "አውጪው" አለ። "አውጪውና ሰኔ ላይ ውለጂ። የዚህን ሰው አፍ የሚዘጋው ሌላ የለም። ሆድሽ ይመስክርልሽ።"

"ሐኪሙ ያለኝን ረሳኸው?"

"እግዚአብሔር አለ።"

"ያን ጊዜም ነበረ" አለች ዘርፈሽዋል።

አልተቆጣም። ተነሥቶ እጁን በሱሪው ጠረገና ገባ። ቢመታኝ ይሻል ነበር ብላ አሰበች፤ እምቢ የምትልበት ነገር ታገኝ ነበር። እሱ ግን እያመናት ነው የፈረደባት። እምቢ ብትል ምን ይመጣል? ፍቺ። ፍቺ ከመጣ ደግሞ ወሬው እውነት ሆኖ ይጸድቃል፤ ልጆቿም የዚያች ሴት ልጆች እየተባሉ ያድጋሉ። ሁሉንም አዙራ አዙራ አየችው። መውጫ አልነበረውም።

ልታስወጣ የሄደችው እዚያው ሰፈሯ ጤና ጣቢያ ነው። እማማ ፈለቀች አብረዋት ሄዱ፤ መንገድ ዳር ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጧት፤ ለሚያልፈው ሁሉ ሰላምታ እየሰጡ፣ "ልታወጣ ነው! ልታወጣ ነው!" አሉ። ሴቶቹ "እሰይ" አሉ። ሐኪሟ ለብቻዋ አስገብታ፣ "በራስሽ ፈቃድ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ዘርፈሽዋል "አዎ" አለች።

ተረፈ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ተመለሰ። እስከ መናኸሪያ አልሸኘችውም።

አረገዘች። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ዕድር ላይ አጠገቧ ያለው ቦታ እንደገና ሰው አገኘ። በርበሬው ቆመ። ሴቶቹ ሆዷን እያዩ ፊታቸው ይፈታል፤ እማማ ፈለቀችም ወተት ያመጡላታል። እሷ ግን ሌት ተቀን የምታስበው ደሙን ነው። ሰኔ ገባ። ሰኔ ተጋመሰ። ምጡ አልመጣም። ሰኔ አለቀ፤ ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን እማማ ፈለቀች በረንዳው ላይ ተቀምጠው በጣቶቻቸው ሲቆጥሩ አየቻቸው። ከደመራው ዕለት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። ክንዷ ከዚያ በኋላ ነው የጸዳው፤ ባሏም እስከ ጥቅምት እዚሁ ነበር፤ ይህን ግን በጣት የሚቆጥር የለም። መስቀል መስቀል ነው፤ ሰኔም ሰኔ።

ሐምሌ ሥላሴ ወለደች። ደሙ እንደፈራችው መጣ፤ ግን አልገደላትም። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ተረፈ ደወለ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ።"

"ማረችኝ።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰዎች ሐምሌ ነው እኮ ይሉኛል" አለ።

"የሄድክበትን ቀን አንተ አታውቀውም?"

"አውቀዋለሁ።"

"እና?"

 ደንበኛ መጣብኝ ብሎ ዘጋ።

ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል አንዲት ወጣት ሐኪም መጥታ፣ ከእንግዲህ ማርገዝ ለሕይወቷ እንደሚያሰጋት አስረዳቻት፤ "ከመውጣትሽ በፊት መከላከያ እንስጥሽ፤ የትኛውን ትመርጫለሽ?" አለቻት። እማማ ፈለቀች ፔርሙዛቸውን እንደያዙ ግርጌ ላይ ቆመው ነበር። ዘርፈሽዋል ሐኪሟን ሳይሆን እሳቸውን አየች።

"ባሌ ሲመጣ እንመካከራለን" አለች።

አራስ ቤት ሳለች ሩቲ ልትጠይቃት መጣች። ሩቲ የይታገሱ ሚስት ናት፤ ገና ልጅ እግር፤ አንዱን በጀርባዋ አዝላ ሌላውን በእጇ ጎትታ ነው የገባችው። ያመጣችውን አጥሚት አስቀምጣ፣ ሕፃኑን መርቃ፣ በሩን መለስ መለስ ብላ አየችና ወደ አልጋው ተጠጋች።

"እትዬ ዘርፌ... ያ ወልቂጤ የሄድሽበት ቤት የት ነው?"

ዘርፈሽዋል የሕፃኑን መጠቅለያ አስተካከለች።

"ደክሞኛል" አለች ሩቲ፤ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። "ይታገሱ አይሰማም። ለማንም አልናገርም።"

ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ጠባብ መንገድ፣ የክሊኒኩ በር፣ የነርሷ ስም፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ሆሳዕና በያት፤ ምንም አትጠይቅሽም፤ ልትላት ነበር። ወዲያው ሌላው ተከተለ፦ ይታገሱ ያውቃል፤ ማን አሳየሽ ይላታል፤ ሩቲ ልጅ ናት፣ ምስጢር አትይዝም፣ ትናገራለች። የቀደመው ወሬዋ ገና ሳይበርድ፣ ምራቶቹን የምታባልግ እሷ ናት ሊባል ነው።

"ምን ቤት?" አለች። "እኔ ምንም ቤት አላውቅም።"

"እትዬ ዘርፌ..."

"አላውቅም አልኩሽ።"

ሩቲ እንደተሰደበች ሴት ፊቷ ቀላ። "ይቅርታ" ብላ ያዘለችውን ልጅ አስተካክላ፣ ሌላውን እጁን ይዛ ወጣች። እማማ ፈለቀች ደጅ ሆነው "ምነው ቶሎ?" ሲሏት ይሰማል። ሩቲ ምን እንደመለሰች ዘርፈሽዋል አልሰማችም። ሕፃኑ ማልቀስ ጀምሮ ነበር፤ አቅፋ ጡቷን አጎረሰችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።