በየሦስት ሰዓቱ አንድ ማንኪያ

"አባዬ፣ በቃ ተው! ሆዷ ሊፈነዳ ነው!"

ገብረሃና የልጁን የሀኒን ጩኸት ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከቄራ ያመጣውን ሳንባ እየቆራረጠ ለድመቷ መስጠቱን ቀጠለ። ድመቷ ሳታኝክ ትውጣለች። የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይታያል። ከሥራ ሲመለስ ካዛንችስ ከፈረሱት ቤቶች መሃል፣ ቆርቆሮ ሥር ነበር ያገኛት። ባለቤቶቿ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወር አልፏቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት ድመቷ ራሷን ቀና ማድረግ አቃታት፤ እግሮቿም ይንቀጠቀጡ ጀመር። ገብረሃና በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ሃያ ዓመት ሲያገለግል ከሥራ የቀረበት ቀን ጥቂት ነው። ያን ቀን ግን ደውሎ አስፈቀደና ድመቷን በካርቶን ይዞ ከሀኒ ጋር ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄደ።

ሐኪሟ ዶክተር ቢፍቱ የድመቷን ድድ ገልጣ አየች።

"ምን አበላችኋት?"

"ወተትና ሳንባ። እስክትጠግብ ነው የሰጠኋት።"

"እሱ ነው የጎዳት፣ ጋሼ። ብዙ ቀን የተራበ ሰውነት በአንዴ ብዙ ምግብ ሲገባበት አይችለውም። ልብ ሊቆም ሁሉ ይችላል። በየሦስት ሰዓቱ አንድ ማንኪያ ስጧት፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ መጨመር ነው።"

"ድመት ላይ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው?"

"ኧረ ሰውም ላይ ያው ነው።"

ገብረሃና አጠገቡ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ድመቷ መርፌ ተወግታ ራሷን ቀና እስክታደርግ ድረስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ኋላ ላይ፣ ሀኒን ሳያያት፣

"ታናሽ ወንድም እንደነበረኝ ነግሬሽ አውቃለሁ?" አለ።

"ፀሃዬ? በሽታ ነው የገደለው ብለኸኝ የለ?"

"እንደዛ ነበር የመሰለኝ። በሰባ ሰባት ወሎ፣ መጠለያ ስንደርስ ስምንት ዓመቱ ነው። ብስኩት ታደለን። የራሴን ጨምሬ ሰጠሁት። ለምኜም አመጣሁለት። እየሳቀ በላ። ሌሊቱን አላደረም።"

"አባዬ፣ አንተ በምን ታውቃለህ? ልጅ ነበርክ እኮ።"

"አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።"

ሀኒ እጁን ያዘችው፤ እሱም አላስለቀቃትም።

ቅዳሜ ድመቷ በእግሯ ቆመች። ሀኒ ስድስት ሰዓት ላይ የተቀቀለ ዶሮ አድቅቃ አንድ ማንኪያ ሰጠቻት። ድመቷ ሳህኑን ልሳ ጨረሰችና ገብረሃና እግር ላይ እየታከከች ትጮህ ጀመር። የገብረሃና እጅ ዶሮው ወዳለበት ድስት ሲሄድ ሀኒ አየችው።

"አባዬ፣ እባክህ። መታገሥ ካልቻልክ ደምበል ሕንፃ ድረስ ወጣ ብለህ ተመለስ። እኔ አለሁ።"

ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደ። የድመቷ ጩኸት ተከተለው። የበሩን እጀታ ይዞ ትንሽ ቆመ።

"ቀጣዩ ስንት ሰዓት ላይ ነው?"

"ዘጠኝ።"

ተመለሰ። ድስቱን ከድኖ ለሀኒ አቀበላት።

"ይሄን ጓዳ አስገቢው። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ እስከ ዘጠኝ እኔ አብሬያት እቀመጣለሁ።"

ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ የምትጮኸውን ድመት አንስቶም ጭኑ ላይ አስተኛት።