ሰባተኛው ምዕራፍ

ሸዋወርቅ ሦስት የብዕር ጓደኞች ነበሯት፤ ሦስቱንም ትንቃቸው ነበር። ንቀቱ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ በየወሩ ከሚመጣላት ፖስታ ጠብ ጠብ እያለ የተጠራቀመ ነው።

ናዝሬት ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ተማሪው ሁሉ ለዕድገት በኅብረት ሲዘምት፣ እሷ ከመደርደሪያዎቿ ጋር ብቻዋን ቀረች። ያኔ ነው በጋዜጣ «መጽሐፍ ከሚያነቡና ቁም ነገር ከሚያወጉ ሰዎች ጋር መጻጻፍ እፈልጋለሁ» ብላ ስሟንና የፖስታ ሳጥን ቁጥሯን ያወጣችው። ሠላሳ ያህል ሰው ጻፈላት። አብዛኞቹ ፎቶግራፍ የሚለምኑ ጎረምሶች ስለነበሩ ደብዳቤያቸውን ቀድዳ ጣለችው። የተረፉት ሦስት ሆኑ።

የመተሐራው ሐዲስ በስኳር ፋብሪካው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። የሚጽፈው ስለ ሆዱ ነው። ስለ መጽሐፍ ስትጠይቀው እንኳ «ጀምሬው ነበር፤ ጨጓራዬ ሲነሣብኝ ተውኩት» ይላታል። ተልባ ምን እንዳደረገለት፣ ሽሮ እንዴት እንደከዳው፣ የትኛው ሐኪም የቱን ክኒን እንዳዘዘለት፣ አራት ገጽ ሙሉ። ሸዋወርቅ የዚህን ሰው አንጀት ከገዛ መዳፏ አብልጣ ታውቀዋለች።

የደራዋ በላይነሽ ባለሱቅ አግብታ አራት ልጅ የወለደች ናት። ትልቋ ልጄ ሻሼ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች ትንሹ በሒሳብ ወደቀ ላሚቱ ወለደች ባለቤቴን ወገቡን አመመው፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ፣ ያለ አንድ አራት ነጥብ። ሸዋወርቅ ደብዳቤውን በቀይ እስክሪብቶ እያረመች መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። ማንም እንደማያየው እያወቀች ታርማለች።

ሦስተኛው የዓለም ጤና ከተማው አብተው ነው። ሽንኩርት የሚያመርት የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነው። ድሮ «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል» ብሎ ይጀምር የነበረው ሰውዬ ከጥቂት ዓመት ወዲህ «አብዮታዊ ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስሽ» ማለት ጀምሯል። ቢሆንም ስለ መጽሐፍ ቢያንስ ሦስትና አራት መስመር የሚጽፍላት እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ከሁሉም በትንሹ የምትንቀው እሱን ነበር።

እሷስ ምን ትጽፋለች? በወር አንድ ጊዜ፣ በምሳ ሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ የጽሕፈት መኪና ስላነበበችው መጽሐፍ አንድ ገጽ ትጽፋለች። በመሐል ሁለት ካርቦን ታስገባለች። ዋናው ለአብተው፣ ሁለተኛው ለሐዲስ፣ ፊደሉ የጠፋው ሦስተኛው ለበላይነሽ፤ «ብልክላት አታነበው» እያለች። ከግርጌው በእጇ ስለ ጤናዋና ስለ ቤቷ ትጨምራለች። ደም ግፊቴ ደህና ነው፤ ካሣ ደህና ነው፤ ሰላም ብሏችኋል።

ካሣ ባሏ ነው። ሞጆ ሄዶ ከሌላ ሴት ጋር መኖር ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል። ሰላም ማለቱን ግን በየወሩ አላቋረጠም።

በ1974 ዓ.ም. ጥር ላይ ሐዲስ፣ ሐኪም ፍል ውኃ ስላዘዘለት፣ «እግረ መንገዳችንን ሶደሬ ብንገናኝና ብንተያይ» ብሎ፣ የሌሎቹን አድራሻ ከሸዋወርቅ ተቀብሎ፣ ለሦስቱም ጻፈ። ሸዋወርቅ ሰባት ዓመት የናቀቻቸውን ሰዎች በዓይኗ ማየት ስላጓጓት እሺ አለች።

ሐዲስ ወፍራም ነበር። ስለ ሆዱ ሲያለቅስ የኖረ ሰው የመነመነ መስሏት ነበርና ሆዱ ከሱ ቀድሞ ከመኪና ሲወርድ ስታይ እንደተታለለች ተሰማት። በላይነሽ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ከእሷ ስምንት ዓመት የምታንስ ሴት ናት። በጨርቅ የቋጠረችውን ጨጨብሳ ገና አረፍ ሳይሉ ከዛፍ ጥላ ሥር ፈትታ፣ ዝንጀሮዎቹን በአንድ እጇ እያባረረች በሌላው ታጎርስ ጀመር።

«ጋሽ ካሣስ እትዬ ሸዋዬ? አብሮሽ አልመጣም?» አለቻት።

«ሥራ ይዞት ነው።»

«እህ» አለች በላይነሽ፤ ሌላ ጉርሻም ዘረጋችላት።

አብተው መጨረሻ ላይ ደረሰ። ካኪ ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ደርድሯል። ምግቡን እንደጨረሰ እጁን ጠራርጎ ስለ ሥነ ጽሑፍ ማውራት ጀመረ። ሸዋወርቅ ባለፈው ዓመት ስለሱ የጻፈችለትን አንድ ልብ ወለድ አነሣና «ይህ ደራሲ ሰውን ያውቃል፤ መሬትን ግን አያውቅም። በመጽሐፉ ውስጥ ዝናብ የሚዘንበው ሰው ሲያዝን ብቻ ነው» አላት።

ቃል በቃል የራሷ ዓረፍተ ነገር ነው። ሊያሾፍባት መስሏት ፊቱን አየችው። ፊቱ ላይ ሹፈት የለም።

«ይህን ሐሳብ በንባብ ክበባችን ባቀርበው፣ ከአውራጃው የመጡት ጓድ ገሠሠ እጄን ጨበጡኝ» አለ አብተው። «እንዲህ ያለ ጭንቅላት በሽንኩርት መሐል ተደብቆ ኖሯል አሉኝ።»

«የራስህ ሐሳብ ነው?»

«የማን ይሆናል ታዲያ? እርሻ ለእርሻ ስዞር የማወጣው የማወርደው ይህንኑ ነው።»

መስረቁን ቢያውቅ ኖሮ ትንሽ ታከብረው ነበር። አያውቅም። ደብዳቤዋን አንብቦ፣ ውጦ፣ ከራሱ የበቀለ መስሎታል። ዕቃ ሰርቆ የሚደብቅ ሌባ ቢያንስ ዕቃው የሰው መሆኑን አይስትም። ፍል ውኃው ውስጥ እግሯን ነክራ ስትቀመጥ የምታስበው ይህንኑ ነበር። ወደ ናዝሬት ስትመለስ ምን እንደምታደርግ ቆርጣ ነበር።

በሚቀጥለው ወር የምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ወረቀት በሁለት ካርቦን ደርድራ መኪናው ላይ አስገባችና ስለሌለ መጽሐፍ ጻፈች። ስሙን «የቆቃው ቀዛፊ» አለችው። ደራሲው ክብሩን ለሰፊው ሕዝብ ትቶ ስሙን ያልጻፈ ሰው ነው። ታሪኩ፣ ባላባት ታንኳውን የቀማው አንድ አሣ አጥማጅ ሐይቁን በዋና አቋርጦ ሲመለስ ነው። አሥራ ሦስት ምዕራፍ አለው። ጣቶቿ እየፈጠኑ ሄዱና እንዲህ ብላ ጨረሰችው፦ «ሰባተኛው ምዕራፍ ባዶ ወረቀት ነው። አንድም ቃል የለበትም። የጭቁኑ ሕዝብ ዝምታ ነው። እኔ ከመላው መጽሐፍ የወደድኩት ይህንኑ ነው።» ብዙ ዓመት እንዲያ ተደስታ አታውቅም ነበር። ከግርጌው «ካሣ ሰላም ብሏችኋል» አለች።

ግንቦት ላይ የግብዣ ደብዳቤ መጣላት። የዓለም ጤና የንባብ ክበብ ሁለተኛ ዓመቱን ያከብራል፤ ጓድ አብተው «የቆቃው ቀዛፊ» ስለተባለው ድንቅ ሥራ ገለጻ ያቀርባል። ለሦስቱም ልኮላቸው ኖሯል። ሐዲስ ጨጓራው እንደተነሣበት ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ። በላይነሽ ግን ከደራ በማለዳ ተነሥታ ናዝሬት ደረሰችና አብረው በአውቶቡስ ሄዱ። መንገዱን ሁሉ ስለ ሻሼ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አወራችላት። ሸዋወርቅ በመስኮት ታይ ነበር።

ስብሰባው የተደረገው በማኅበሩ መጋዘን ነው። ሽንኩርቱን ወደ አንድ ጥግ ገፍተው አግዳሚ ወንበር ደርድረዋል፤ ፊት ለፊት ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ። የተሰብሳቢው ዓይን ከሽንኩርቱ የተነሣ ቀልቷል። አብተው ተነሥቶ አርባ ደቂቃ ተናገረ። አሣ አጥማጁን፣ ባላባቱን፣ ታንኳውን አመጣ። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ትንሽ አመነታ። ባዶ ነው ማለቱ ባለሥልጣን ፊት የሚያስጠይቅ ሳይመስለው አልቀረም። ስለዚህ «ሰባተኛውን ምዕራፍ በተመለከተ ጓዶች፣ እኔ ከምናገር ራሳችሁ ብታነቡት ይሻላል። ከሁሉም የጠለቀው እሱ ነው» ብሎ አለፈው።

ከጭብጨባው በኋላ ጓድ ገሠሠ ተነሡ። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው የረጋ ሰው ናቸው።

«ጓድ አብተው ያቀረበውን መጽሐፍ እኔ ገና እንደወጣ ነው ያነበብኩት» አሉ። «ሰባተኛውንማ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት። ቋንቋው የተለየ ነው። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እስካሁን በቃሌ አለ።»

ከወደ ኋላ አንድ መምህር እጁን አወጣ። «እኔም ወድጄዋለሁ ጓድ። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ያለው ንግግር ግን ትንሽ አልረዘመም?»

ጓድ ገሠሠ አሰብ አደረጉ። «አልረዘመም» አሉ።

ሸዋወርቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ለመሳቅ ነበር የመጣችው፤ ሳቁ ግን ራቃት። አንድ ሞኝ ላጠምድ ብላ የዘረጋችው መረብ መጋዘን ሙሉ ሰው ይዞላታል። ማን ላይ ይሳቃል? ሁሉም እርስ በርሱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ነው። አንዱ እንኳ «አላነበብኩትም» አላለም። እንደነዚህ ላሉ ሰዎች ነው ሰባት ዓመት ሙሉ ቃል ስትመርጥ የኖረችው።

ያን ጊዜ በላይነሽ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«እትዬ ሸዋዬ፣ ሰባተኛው ምዕራፍ ባዶ ነው ብለሽ አልነበር እንዴ የጻፍሽልን?»

ሸዋወርቅ ዞር ብላ አየቻት። «አነበብሽው?»

«ለምን አላነብም? ሦስተኛው ወረቀት ስለሆነ ብርሃን ላይ አድርጌ ነው እንጂ አነበዋለሁ። የማልለየውን ፊደል ሻሼ ትነግረኛለች።»

ስብሰባው ተበትኖ አውቶቡስ ላይ እስኪወጡ ድረስ ሁለቱም ስለ መጽሐፉ አላነሡም። ዓለም ጤና ወደ ኋላ ስትቀር በላይነሽ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አመቻችታ እንደ ተራ ነገር ጀመረችው።

«መጽሐፉ የለም፤ አይደል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሻሼ ላንብበው ብላ ያዘችኝ። አሰላ ሁለት ሱቅ ጠየቅሁ። ባለቤቴ ዕቃ ሊያመጣ ናዝሬት ሲወርድ ሦስት ቦታ አስጠየቅሁት። አንዱ መጽሐፍ ሻጭ ሳቀበት። እንግዲህ እትዬ ሸዋዬ ደስ ሲላት ከራሷ ታመጣለች፣ እንደ ጋሽ ካሣ ነው አልኩ።»

አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ሸዋወርቅ ከፊቷ ያለውን ብረት ይዛ ነበር።

«ስለ ካሣ ምን ታውቂያለሽ?»

«ሞጆ ነው ያለ። ባለቤቴ ጨው የሚገዛው ከቤቱ አጠገብ ነው። ልጅም ወልዷል።»

«ይህን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሦስት ዓመት ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? በየወሩ ሰላም አለሽ ስልሽ ለምን አንቺም ሰላም በይልኝ ትይኛለሽ?»

በላይነሽ የጥያቄው ትርጉም የገባት አትመስልም ነበር። «ከጻፍሽው ትፈልጊዋለሻ» አለች።

ሸዋወርቅ እስከ ናዝሬት ብረቱን አልለቀቀችም። ተናዳ ነበር። በማን እንደተናደደች ግን ለራሷም አልተለየላትም። ቀይ እስክሪብቶዋ ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ። መናኸሪያው ላይ በላይነሽ የደራውን መኪና ልትይዝ ስትሮጥ «ደህና ግቢ» ማለት እንኳ ረሳች።

በሰኔ ከአብተው አስቸኳይ ደብዳቤ ደረሳት። ጓድ ገሠሠ መጽሐፉ ለአውራጃው ክበቦች ሁሉ ሃምሳ ቅጂ ይገዛ ብለው አዘዋል፤ አንቺ የገዛሽበትን ቦታ ቶሎ አስታውቂኝ ይላል። «መጽሐፉን ያነበብኩት ከአንቺ ተውሼ ነው ብያለሁ» የሚልም አለበት። ሸዋወርቅ እውነቱን ልትጽፍለት እጇን ዘረጋችና መለሰችው። እውነት ለአብተው ምን ይሠራለታል? በሦስት መስመር መለሰችለት፦ «እኔ ዘንድ ያለው አይጥ በላው። ጓድ ገሠሠ ሁለት ጊዜ ስላነበቡት የሳቸው ቅጂ ይኖራል። እሳቸውን ጠይቅ።»

መልሱ የመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው። ጓድ ገሠሠ ቅጂያቸውን አዲስ አበባ ለሚኖር ወዳጃቸው አውሰው እንደቀረባቸው፣ ግዥውም ለጊዜው እንደተላለፈ፣ እሱ ግን በቅርቡ ለአውራጃው የባህል ጉዳይ ኃላፊነት እንደታጨ ጽፎ፣ «ሌላ ጠለቅ ያለ ሥራ ካለሽ ላኪልኝ» ብሎ ደምድሟል። አራት ነጥቦቹ ሁሉ በየቦታቸው ናቸው። ሸዋወርቅ ደብዳቤውን አጣጥፋ ወረቀት መጣያው ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ በኋላም አልጻፈችለትም።

ለበላይነሽ የሚጻፈው ግን ከበዳት። ጽሕፈት መኪናውን ትታ በእጇ ጀመረችው። አራት ጊዜ ጀምራ አራት ጊዜ ቀደደች። በአምስተኛው ካሣ እንዴት እንደሄደ ጻፈች፤ ሻንጣውን ራሷ እንደቋጠረችለት፣ ደም ግፊቷም ደህና እንዳልሆነና ባለፈው ወር ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወድቃ ተማሪዎች እንዳነሷት። ለሻሼም ሁለት እውነተኛ መጻሕፍት፣ ከገዛ መደርደሪያዋ፣ በካኪ ወረቀት ጠቅልላ ላከች።

የበላይነሽ መልስ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ስለ ካሣ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሻንጣውን መቋጠርሽ ደግ አላደረግሽም ራሱ ይቋጥር ነበር። ለደም ግፊቱ ነጭ ሽንኩርት አዘዘችላት፤ ጨውም ተዪ አለች። ከዚያ ያለ አንድ አራት ነጥብ ሻሼ መጻሕፍቱን አንዱን ጨረሰች አልወደደችውም ትንሹ አሁንም ሒሳብ ወደቀ ላሚቱ ወተቷን ቀነሰች ባለቤቴ ወገቡን እያለች ሦስት ገጽ ሄደች።

ምን ዓይነት ሴት ናት፣ አለች ሸዋወርቅ በልቧ፤ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ላም። ገጹንም ገለጠች።