የኦቦ ደቻሳ ጆሮ

«እግዚአብሔር ያጽናዎት! አይዞዎት!» ብላ ጮኸች ጎረቤታቸው ድንቅቱ፣ አፏን ኦቦ ደቻሳ ጆሮ ላይ ልትለጥፈው ምንም ሳይቀራት።

ኦቦ ደቻሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጆሯቸው ጭው አለ። ከትናንት ጀምሮ ወደ ድንኳኑ የገባ ለቀስተኛ ሁሉ እንዲሁ ይጮህባቸዋል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ለንባብ መነጽር፣ ለዳገት ምርኩዝ ይሻሉ። ጆሯቸው ግን ምንም አልሆነም፤ አጥር ጥግ የምትጭረውን ዶሮ ሳይቀር ይሰማሉ። ጣጣው የመጣው ቅዳሜ ዕለት ነው። ወንዙ ዳር የተሰበሰበው ሰው «ምንም ድምፅ አልሰሙም ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «አልሰማሁም» አሉ። ያቺ አንዲት ቃል ከእሳቸው ቀድማ አምቦ ገባች። በነጋታው የልጅ ልጃቸው ሃዋኒ ስትቀበር፣ የኦቦ ደቻሳ ጆሮ እንደደከመ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ድንቅቱ አጽናንታ ስትጨርስ አልራቀችም። እዚያው ከጎናቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና የንፍሮ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ አብራት ለመጣችው ሴት ማውራት ጀመረች። ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አላስፈለጋትም፤ አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ አይሰሙም።

«ተሻግራ ጨርሳ ነበር እኮ! ጫማዋ የተገኘው ማዶ ነው። ድንጋይ ላይ፣ ጎን ለጎን ተሰድሮ። ቦርሳዋም እዚያው፣ ነጠላዋ እንኳ እንደታጠፈ።»

«እንዴ! ታዲያ ምን መለሳት?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ተሻግሮ ያበቃ ሰው፣ ጫማውን አስቀምጦ፣ እንደገና ውሃ ውስጥ ይገባል? አንቺው ፍረጂ።»

«ራሷን ነው የምትይኝ?»

«እኔ አላልኩም፤ ያልሽው አንቺ ነሽ።» ድንቅቱ ሽምብራ ወደ አፏ ጣለች። «ብቻ ቄሶቹ ቢሰሙ ነገ ሠልስቷን የሚያደርሱላት አይመስለኝም።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰውዬው!»

«እሳቸው? ጡሩንባ ቢነፋም አይሰሙ።»

የኦቦ ደቻሳ እጅ ምርኩዙን ጨመቀ። ያን ጊዜ ነው ከጓሮ በኩል፣ ከውሃ በርሜሉ ወዲያ፣ ድምፁ የመጣው፤

«አካኮ-ኦ!»

ዞር አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ሌላ ዞር ያለ ሰው አልነበረም። እጃቸው ሳያዙት ምርኩዙን ከመሬት ከፍ አድርጎ ነበር፤ መልሰው አስቀመጡት። ከቅዳሜ ወዲህ ሰባተኛ ጊዜ ነው። አንዴ ከቀብር ሲመለሱ፣ አንዴ በጸሎት መሀል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፊታቸውን ሲታጠቡ ከጣሳው ውስጥ እስኪመስላቸው ድረስ። ሁልጊዜ ከፊት ነው ሃዋኒ የምትጠራቸው፤ ሁልጊዜ ትንሽ ራቅ ብላ።

ሃዋኒ አባቷ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ደብሪቱ፣ የኦቦ ደቻሳ ብቸኛ ልጅ፣ ሐዘኗን ይዛ ከአልጋ አልነሳ ስትል፣ ሕፃኗን ከዚያ ጨለማ ቤት ማውጣት የእሳቸው ሥራ ሆነ። የሚያውቁት መውጫ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቅዳሜ ማለዳ ትከሻቸው ላይ አስቀመጧትና ወደ ወንጪ የሚወጣውን መንገድ ይዘው፣ አስፋልቱን ትተው፣ ወደ ዳገቱ ተጠመዘዙ። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብም ቢሆን ፀሐይ፣ ሁለቱ ቅዳሜን ቤት ውስጥ አላሳለፉም። ቅጠል እያሸተተች ወይራውን ከጽዱ፣ ኮሶውን ከዝግባው መለየት ተማረች። ውዳሴ ማርያምም የተማረችው እዚያው ነው፤ በእርምጃ ልክ፣ ዳገቱ ላይ ቀስ፣ ሜዳው ላይ ፈጠን እያለ። ኦቦ ደቻሳ ቤት ውስጥ የተጸለየ ጸሎት ጣሪያ ሥር የሚቀር ይመስላቸዋል። ይህንኑ አንድ ጊዜ ለንስሐ አባታቸው ተናግረው ዓርባ ስግደት ታዘዘባቸው። ስግደቱንም ሄደው ሾላ ሥር ፈጸሙት።

ሃዋኒ አድጋ ጤና ጣቢያ ስትቀጠር የእሳቸው ጉልበት እያነሰ ሄደ። እሷ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆኑ። ያን ጊዜ ሕግ አወጡ። ሃዋኒ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ትቆምና «አካኮ-ኦ!» ብላ ትጣራለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። እሳቸው ዳገት ላይ ለመጮህ ትንፋሽ ስለሌላቸው በምርኩዛቸው ድንጋይ ሦስት ጊዜ ይመታሉ። ሦስቱ በሥላሴ ስም ነው።

«አንድም ሦስትም አይደሉ እንዴ?» ትላቸው ነበር። «አንዴ ብትመታ ይበቃል፤ ድንጋዩም ባረፈ።»

በዚያ ቤት እሳቸውን አንተ የምትል እሷ ብቻ ነበረች። አካኮ የሚለውን ስም ግን ቤቱ በሙሉ ወርሶታል፤ የገዛ ልጃቸው ደብሪቱ እንኳ አባዬ ማለቱን ከተወች ቆይታለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል አንድ ረጅም ወጣት ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመ። ማንም አያውቀውም። ጎንበስ ብሎ ገባና ከኦቦ ደቻሳ አጠገብ ተቀመጠ። አልጮኸባቸውም።

«አካኮ፣ እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ» አለ፣ ለእሳቸው ብቻ በሚበቃ ድምፅ። «ወፍ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል ይሰማል እያለች ነበር የምታወራልኝ። ጋሮማ እባላለሁ። ከባኮ ነው የመጣሁት።»

ኦቦ ደቻሳ ቀና ብለው አዩት። ዓይኑ ሳይተኛ ያደረ ሰው ዓይን ነው።

«ቅዳሜ እነግረዋለሁ ብላኝ ነበር። ከማንም በፊት አካኮ መስማት አለበት፣ እሱ እሺ ካለ እማዬ አትከብደኝም አለችኝ። ነገረችዎት?»

«ነገረችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ምንም አላልኳትም» አሉ ኦቦ ደቻሳ።

ጋሮማ ራሱን ነቀነቀ። ያች መልስ ምን ያህል እውነት እንደሆነች አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ወንዙ ሳይደርሱ፣ የሁልጊዜዋ ሾላ ሥር አረፉ። ሰማዩ በእነሱ በኩል ጠርቷል፤ ላይ ተራራው ግን ጥቁር ደመና ተጭኖታል። ሃዋኒ ድንጋይ በእግሯ እያንከባለለች አንድ የባኮ ልጅ እንደምትወድ፣ በቆሎ ምርምር ላይ እንደሚሠራ፣ ሊያገባት እንደሆነ ነገረቻቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ ልጁ ፕሮቴስታንት መሆኑን፣ ሠርጉም እዚያው እሱ በሚያመልክበት እንደሚሆን ተናገረች።

«ሃይማኖትሽንስ?»

«አካኮ፣ እግዚአብሔር ግድግዳ የለውም ያልከኝ አንተ አይደለህም? እዚህችው ሾላ ሥር?»

ያናደዳቸው ይህ ነው። በገዛ ቃላቸው ተያዙ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጡ ነበር፤ እሷን መቆጣት አልለመዱም፤ ዝም አሉ። ሃዋኒ መልስ ስትጠብቅ ቆየችና ተነሳች። «እሺ፣ ማዶ ሆኜ እጠብቅሃለሁ» አለች። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠች ተሻገረች። ከቁጥቋጦው ጀርባ ተሰወረች።

«አካኮ-ኦ!»

ሰሟት። ምርኩዙን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«አካኮ-ኦ!»

ትንሽ ትጨነቅ፣ አሉ በልባቸው። እኔንም አስጨንቃኛለች። ይህችን ሐሳብ እስከዛሬ ቃል በቃል ያስታውሷታል።

ሦስተኛው ጥሪ ሌላ ነበር፤ ድምፅዋ ተሰባብሯል። ያኔም ቢሆን እጃቸው አልተነሳም። ቀጥሎ የሰሙት ከላይ በኩል ገልባጭ መኪና ጠጠር ሲያራግፍ የመሰለ ድምፅ ነው። ደራሽ ውሃ መሆኑን አወቁ። ብድግ ብለው ጮኹ፤ ሾላውን በምርኩዝ ደበደቡት፤ ሦስት ጊዜ ሳይሆን ቁጥር የሌለው ጊዜ። ሃዋኒ ግን በባዶ እግሯ ወንዙ መሀል ገብታ ነበር፤ ወደ እሳቸው እየሮጠች።

በዚያው ሰኞ አመሻሹ ላይ ደብሪቱ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጣችና እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ሐሜቱ ደርሷታል። ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ወደ ጆሯቸው ተጠጋች።

«አካኮ፣ ቅዳሜ ስትሄዱ ከፍቷት ነበር?»

እሳቸው መሬት መሬት አዩ።

«ዓርብ ማታ ተቆጥቻት ነበር። ለማይረባ ነገር፣ ለልብስ። ‹አንቺ ልጅ ገደልሽኝ› አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ ገብታ ተኛች። በእኔ ነው እንዴ አካኮ? እኔ ነኝ እንዴ ውሃ ውስጥ የከተትኳት?»

መናገር ነበረባቸው። አፋቸውን ከፈቱ። ግን ዓይኗን ሲያዩት፣ እውነቱን ከሰማች በኋላ ያ ዓይን ዳግመኛ እንደማያያቸው ታሰባቸው፤ ፈሩ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ምን አልሽ?»

ደብሪቱ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርጋ ተነሳች፤ እንደ ሕፃን አባብላቸው። ኦቦ ደቻሳ በሕይወታቸው እንደዚያች ቅጽበት ራሳቸውን የጠሉበት ጊዜ የለም።

«አካኮ-ኦ!» አለ ድምፁ፣ ከአጥሩ ውጭ። አልመለሱም።

ማክሰኞ ሠልስቱ ደረሰ። ቄሶቹ አንድ ሁለቱ ቢያመነቱም ጸሎቱን አድርሰው ሸኟት። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑን ሞላው። የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ሙለታ ቆመው የመጣውን አመሰገኑ፤ ድንኳኑ ዛሬ እንደሚነሳ ተናገሩ። «ከቤተሰብ ቃል ያለው አለ?» አሉ፣ ለወጉ ያህል። ብዙውን ጊዜ ማንም አይናገርም።

ኦቦ ደቻሳ ምርኩዛቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«ቢቀመጡ ይሻላል!» ብለው ጮኹባቸው ኦቦ ሙለታ።

«አትጩህብኝ ሙለታ። ጆሮዬ ደህና ነው።»

ድንቅቱ የያዘችውን ጭብጥ ንፍሮ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ትናንት እዚህ የተወራውን ሁሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «አልቀየምኩም። እንዲህ እንዲታሰብ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሃዋኒ ተሻግራ ነበር፤ ጫማዋን ያወለቀችው ከውሃው ለማዳን ነው። ማዶ ሆና ሦስት ጊዜ ጠራችኝ፤ አካኮ-ኦ ብላ። እኔ ሦስት ጊዜ ድንጋይ መታ አደርጋለሁ፤ ሕጋችን ነበር። ሦስቱንም ጥሪ ሰማሁ። አልመታሁም። ተቀይሜያት ነበር። ወድቆ ነው፣ ታሞ ነው ብላ እኔን ልታነሳ ተመለሰች። ልጄ ራሷን አላጠፋችም። የሞተችው እኔን ፍለጋ ነው።»

«ያ ዋቅ!» አሉ ኦቦ ሙለታ፣ ፈጣሪን ጠርተው። እጃቸው ራሳቸው ላይ ነበር።

«ደብሪቱ፣ አንቺ አይደለሽም። የዓርብ ቁጣሽ ውስጧ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ስንወጣ ስታንጎራጉር ነበር።» በእጃቸው ወደ ጋሮማ ጠቆሙ። «ያስቀየመኝም ይሄ ወጣት ነው። ጋሮማ ይባላል። ሊያገባት ነበር፤ ፕሮቴስታንት ነው። ነገሩ ይኸው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እያዘነ ማንም ‹እግዚአብሔር ያጽናህ› አላለውም። ና ጋሮማ፣ እዚህ ተቀመጥ። አንተም ባለ ሐዘን ነህ።»

ጋሮማ አልተንቀሳቀሰም። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር።

ደብሪቱ የቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አባቷን አየቻቸው። ብዙ አየቻቸው። ከዚያ ገብታ በሩን ዘጋች።

ድንኳኑ ተነሳ። ጋሮማ ኮቱን አውልቆ ከዕድሩ ሰዎች ጋር ካስማ ነቀለ፤ አግዳሚ ተሸከመ። ሲጨርስ የኦቦ ደቻሳን ጉልበት ሳመና ሄደ። ማታ ራት በጎረቤት እጅ ተላከላቸው። ደብሪቱ ከክፍሏ አልወጣችም። እውነቷን ነው፣ አሉ ኦቦ ደቻሳ በልባቸው፤ እኔም ብሆን ራሴን አላናግርም። በዚያ ሌሊት ድምፁ አልመጣም። ሳይጠበቅ ሲመጣ የሚያስፈራቸው ድምፅ፣ ሲጠብቁት ሲቀር የባሰ ሆነባቸው።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ከልማድ ነቁ። ጫማቸውን አጠለቁ፤ ጋቢያቸውን ደረቡ፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን አያውቁም። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ግቢውን አርሶታል። ድንኳኑ የነበረበት ሣር ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ከቤቱ ጀርባ ከሚታየው ዳገት ጉም እየተነሳ ነው፤ ደህና የእግር መንገድ የሚሆንበት ቀን ነው። «አቤቱ» ብለው ጀመሩና ጸሎቱን መቀጠል አቃታቸው። የግቢውን በር መቀርቀሪያ ከፈቱ። አንድ እግራቸው ከደፉ ውጭ ነበር።

«አካኮ-ኦ!»

ድምፁ በዚህ ጊዜ ከፊት አልመጣም፤ ከኋላቸው ነው፤ ከቤቱ በኩል። የደብሪቱና የሃዋኒ ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። ስልክ የሚደውል ሰው ሁሉ እናቲቱን ከልጂቱ ሲያምታታ ኖሯል። ኦቦ ደቻሳም ማን እንደጠራቸው አላወቁም። ለማወቅም አልዞሩም፤ ጊዜ አልነበረም።

ምርኩዛቸውን አነሱና የደፉን ድንጋይ መቱ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ከዚያ ባሉበት ቆመው አዳመጡ።