ኖንታፓት ቀሪ ነው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የልጄን የመጀመሪያ ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛውን ያወጡት አማቴና አንድ መነኩሴ ናቸው። መልአክ በዚህ ነገር እጁ የለበትም።

ልጄ ዊራት ይባላል። ቤት ውስጥ ግን ኮፕ ነው የምንለው፣ እንቁራሪት ማለታችን ነው። ሲወለድ አፉ ሰፊ ስለነበር አባቱ ያወጣለት ነው፤ አባቱ ሱታም የራሱን አፍ በመስታወት ያየ አይመስለኝም። ኮፕ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት። የዚያን ዓመት ስድስተኛ ክፍልን ጨርሶ ሰባተኛ የሚገባበት ትምህርት ቤት ልናገኝለት ደፋ ቀና የምንልበት ጊዜ ነበር።

እኛ ባለንበት ላምፓንግ ከተማ እንደሱ ያሉ ልጆችን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ የሚያስተምር፣ ከቤታችን በእግር የሚደረስበት አንድ ትምህርት ቤት አለ። በዓመት አራት ቦታ ብቻ ነው ያለው። እዚያ ካልገባ የሚጠብቀው ሌላ ክፍለ ሀገር ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ኮፕ ትራሱ በሌላ በኩል ከዞረ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነው። ሥራዬ የሸክላ ሳህን ላይ አውራ ዶሮ መሳል ነው፤ የዚያን ሰሞን አዳሪ የሚለው ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር እጄ ይስትና ዶሮዬ ሁለት ጭራ ያወጣ ነበር። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

በትምህርት ቤቱ ልጆቹን የሚመርጡት መምህርት ኦራታይ የሚባሉ ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ናቸው። ወላጆችን ሰብስበው እንዲህ አሉን።

«እኔ ፊደል አልፈትንም። የማየው ሦስት ነገር ነው። ስሙ ሲጠራ አቤት ይበል፣ ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር ያድርግ፣ ደወል እስኪደወል ይቀመጥ። ሠላሳ አምስት ልጅ ይዤ ስሙን ከማይሰማ ልጅ ጋር ሩጫ አልችልም፤ ጉልበቴን ያመኛል።»

ቦርሳውና ደወሉ ለኮፕ ምንም አልነበሩም፤ ሥርዓት የሚባል ነገር ነፍሱ ነው። እንዲያውም በድሮው ትምህርት ቤቱ አስተማሪው መምህርት ፒምጃይ ቀሪ የሚቆጥረው እሱ እንዲሆን አድርገው ነበር። ጠዋት ጠዋት ብድግ ብሎ «እከሌ ቀሪ ነው» ሲል አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም። የቸገረን ስሙ ነው። መምህርት ፒምጃይም ቢሆኑ ሲጠሩት ኮፕ ነበር የሚሉት፤ የማያውቀው ሰው «ዊራት» ቢለው ዞር ብሎም አያይ። ሁለት ወር ሙሉ አለማመድኩት። አትክልት ሻጯን፣ የፋብሪካችንን ዘበኛ፣ ሱታም የሚነዳውን የመስመር ፒካፕ ተሳፋሪዎች ሳይቀር ለምኜ «ዊራት» አስባልኩት። መጨረሻ ላይ ከሩቅ ቢጠሩትም «አቤት» የሚል ልጅ ወጣው። ኩራቴን ልነግራችሁ አልችልም።

አማቴ እማማ ቡዋኪያው አብረውን ነው የሚኖሩት። እሳቸውም በኮፕ ጉዳይ እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ ይህን አልክድም። ፈተናው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው የልደት ወረቀቱን ይዘው ገዳም ሄዱ። መነኩሴው ፊደሉን ቆጠሩና፣ ዓርብ ለተወለደ ልጅ «ወ» እና «ረ» ጠላቶቹ ናቸው፣ ይህ ልጅ ጠላቶቹን በስሙ ተሸክሞ ነው የሚዞረው አሏቸው። በማግሥቱ ሱታምን አስከትለው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። በሰፈራችን ይህ ነውር አይደለም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ ባል ለማግኘት ብላ ሦስት ጊዜ ስም ቀይራለች፤ ባሉ እስካሁን በየትኛው ስም እንደሚጠራት ግራ ገብቶት ይመስለኛል ያልመጣው።

ለኔ የነገሩኝ ማታ እራት ላይ ነው፣ ጨው አቀብዪኝ እንደማለት።

«ለልጁ ስም ቀየርንለት፤ ለትምህርት ቤቱም አስመዘገብነው» አሉኝ እማማ።

«ምን አደረጋችሁ?»

«ኖንታፓት። አያምርም? ‘ረ’ የለበት፣ ‘ወ’ የለበት።»

ሱታምን አየሁት። እሱ ሾርባውን ያያል።

«አንተም ፈረምክ?»

«እማ ናት እኮ ያለችኝ» አለ። «ደግሞ ምን ክፋት አለው ላምዱዋን? ለልጁ ብላ ነው።»

«ሁለት ወር ምን ስሠራ የከረምኩ መሰለህ? ስሙን እኮ ነው ያስተማርኩት።»

«ስሙ መጥፎ ነበራ» አሉ እማማ። «መጥፎ ነገር ብታስተምሪው ምን ይጠቅመዋል?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን አፌ አያርፍም። «ልጄን ያስቸገረው ፊደል አይደለም» አልኩ። «አርፎ የማይቀመጥ ሰው ነው።»

እማማ ቀስ ብለው ከበርጩማቸው ተነሡ። ሳህናቸውን ያዙ። «ካንቺ ጋር እህል አልቆርስም» አሉና ውጭ ካለችው የቀርከሃ አግዳሚ ላይ ሄደው ብቻቸውን በሉ። አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ያን ማታ ሱታም «እማን አታዋርጃት፤ አሁን ሄደን ብናስመልሰው መነኩሴው ፊት ምን ትሆናለች? አሥር ቀን አለሽ፣ አስተምሪው» ብሎ ለመነኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ አስተምረዋለሁ አልኩ። ጥፋቱ የሳቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ።

«ኮፕ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ኖንታፓት ነው።»

«እኔ ዊራት ነኝ» አለኝ። «ኖንታፓት ማነው?»

«አንተ ነሃ።»

«እኔ አይደለሁም። እሱ የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ነው፣ እዚህ ቤት።»

ተነሥቶ ጓዳ ገብቶ ፈለገ። ከአልጋ ሥር አየ። ማታ እራት ሲቀርብ አያቱ የተነሡባትን በርጩማ ጠጋ አደረጋትና ፊት ለፊቷ አንድ ሳህን አስቀመጠ፣ ሳህኑ ላይ የተሳለው ዶሮ ወደ ተቀማጩ እንዲያይ አዙሮ። ማንም አልተቀመጠባትም። በልተን ስንጨርስ «ኖንታፓት አልመጣም» አለ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም። እኔ «ኖንታፓት» ብዬ ስጠራው ወደ በርጩማዋ ነው የሚያየው። አያቱ ውጭ ተቀምጠው ይሰማሉ። እኔም ይግቡ አልላቸውም። ሱታም ከሁለታችን መሀል ሆኖ ሩዙን ያላምጣል።

የፈተናው ቀን ሐሙስ ነበር። ወሩ እርሻ የሚቃጠልበት ስለሆነ ጭሱ ከተማውን አፍኖታል። አራታችንም በሱታም ፒካፕ ሄድን፤ እማማ ጋቢናው ውስጥ ቦታ እያለ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ለምርጫ የቀረቡት ልጆች አምስት ናቸው፤ አንዱ ይወድቃል ማለት ነው። እኛ በረንዳው ላይ ቆመን በተከፈተው መስኮት እናያለን። ምልክት የሰጠ ወላጅ ልጁን ይዞ ይሄዳል ተብለናል።

ኮፕ ገባ። ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር አደረገ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። ከአምስቱ እንደሱ አምሮበት የተቀመጠ አልነበረም።

መምህርት ኦራታይ መዝገባቸውን ገለጡ። አንዷ ልጅ ተጠርታ አቤት አለች። አንዱ ዘግይቶ አለ። ከዚያ፣ «ኖንታፓት»።

«ኖንታፓት» አሉ ደግመው።

ምላሴን ነከስኩት። ኮፕ ፊት ለፊቱን ያያል፣ ረጋ ብሎ፣ እንደማይመለከተው ሰው። ለሦስተኛ ጊዜ ጠሩ። እስክሪብቷቸው ወደ ወረቀቱ ስትወርድ አየኋት።

ይኼኔ ኮፕ ብድግ አለ። ያላስተማርኩት ነገር ነው። ለመምህርት ፒምጃይ ያደርግ እንደነበረው ቀጥ ብሎ ቆመና፣

«መምህር፣ ኖንታፓት ቀሪ ነው» አለ።

«ቀሪ?»

«አሥር ቀኑ ነው። ለእራትም አይመጣም።»

አጠገባችን የነበረ አንድ አባት ሳቁ አመለጠው። እማማ ቡዋኪያው አልሳቁም፤ የመስኮቱን ብረት ያዙ።

«አንተስ ማነህ?» አሉት መምህርቷ።

«ዊራት።»

መዝገቡን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ፈለጉ። «ዊራት የሚባል ልጅ እዚህ የለም።»

ኮፕ ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን አነሣ። «እሺ፣ እኔ ልሂድ?» አለ። አላለቀሰም፣ አልተቆጣም፤ መዝገብ ላይ የሌለ ልጅ ክፍል ውስጥ መቀመጥ እንደሌለበት ያውቃል፣ ስለዚህ ሊሄድ ተነሣ። ከወለድኩት ጀምሮ ብዙ አልቅሻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን የከፋኝ የለም።

መምህርቷ እዚያው ተቀመጥ አሉትና ወደ በረንዳው ወጡ።

«እናቱ ማናት? ስሚኝ፣ የመጣው ልጅ መዝገብ ላይ የለም፣ መዝገብ ላይ ያለው ልጅ አልመጣም። እኔ የቱን ልቀበል?»

«ስሙን ቀይረንበት ነው መምህር። በቅርቡ።»

«ታዲያ ወይ ልጁን ንገሩት ወይ ወረቀቱን አስተካክሉት። እኔ በእጄ ሰርዤ አልጽፍም፤ ሥራዬን አልወደድኩትም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መዝገቡ አሥር ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው። እስከዚያ ይህ ልጅ እዚህ ቢቀመጥ አይከብደኝም።»

ስም የተቀየረበት ወረቀት ያለው በእማማ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ መነኩሴው በባረኩት ክር ተጠቅልሎ። ያለ እሱ ወረዳው አያነጋግረንም። ወደሳቸው ዞርኩ፤ ልለምን ይሁን ልጣላ እኔም አላውቅም። እሳቸው ግን ቀድመውኝ ደረጃውን እየወረዱ ነው።

«ነይ እንጂ ላምዱዋን» አሉኝ። «አንተም መኪናውን አስነሣ።»

ጋቢና ገቡ። መንገዱን ሙሉ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ነበር። ወረዳ ስንደርስ ጸሐፊው ምሳ ወጥቷል ተባልን። ጠበቅን። መጣ፤ ክሩን ፈተው ወረቀቱን ሰጡት። ክሩን ሳይጥሉ አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት። ለሳቸው ያ ክር ተራ ክር አልነበረም፤ ይህ የገባኝ ያኔ ነው።

«የሚቀየርበት ምክንያት?» አለ ጸሐፊው። «ባለፈው ‘ለመልካም ዕድል’ ነው ያላችሁት።»

«ልጁ ጠፋብን» አሉ እማማ። «ልንመልሰው ነው።»

«እማማ፣ እንደሱ የሚባል ምክንያት የለም።»

«እንግዲያው አያቱ ተሳሳተች ብለህ ጻፍ።»

ጸሐፊው አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «ወደ ቀድሞው ስም መመለስ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታ።

ስንመለስ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሄደዋል። ኮፕ ብቻውን፣ ቦርሳው ከወንበሩ ሥር፣ እጁ ጉልበቱ ላይ። መምህርቷ ወረቀቱን አገላብጠው አዩ፣ መዝገቡ ላይ ጻፉ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ዊራት።»

«አቤት።»

አራተኛው ቦታ የሱ ሆነ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ አልተነሣም። ከተደወለ በኋላ ወደ ጠረጴዛቸው ሄዶ፣ «ኖንታፓትስ?» አላቸው።

መምህርት ኦራታይ «ሌላ ትምህርት ቤት ደረሰው» አሉት። አመናቸው።

ማታ እራት አቀረብኩ። እማማ እንደለመዱት ሳህናቸውን ይዘው ወደ በሩ አመሩ። «እዚህ ይቀመጡ» ማለት ነበረብኝ። ለክፉው ጊዜ የማያርፈው አፌ ለደጉ ጊዜ ተሳሰረ። ሱታም ይኸው ሾርባውን ያያል።

ኮፕ ባዶዋ በርጩማ ፊት ያለውን ሳህን አነሣና መደርደሪያው ላይ መለሰው። «ኖንታፓት አይመጣም» አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አባዬ።»

«አቤት» አለ ሱታም።

«እማዬ።»

«አቤት።»

«አያቴ።»

እማማ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው።

«አያቴ» አለ ደግሞ፤ ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገም።

«አቤት ልጄ» አሉ። መጥተው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሳህናቸውን ተቀብዬ ሩዝ ጨመርኩላቸው። እሳቸውም ከዓሣው ቆርሰው ለኔ አደረጉልኝ።

ኮፕ አንድ በአንድ አየን፣ ራሱን ጨምሮ ቆጠረ።

«ቀሪ የለም» አለና ማንኪያውን አነሣ።