ጎሚስታው የሸመደደው ድርሰት

ጎሚስታው ከምላሱ እጁ ይቀድማል። ሲናደድም፣ ሲጫወትም ያው ነው። በዚያ ጠዋት ታናሽ እህቱን ሱቁ በር ላይ በጥፊ ሲያጮላት ደንበኞቹ ወደ ጎማቸው አቀረቀሩ። መቼም ሰው «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ማለት ሲወድ!

«ፓስፖርትሽን ትፈልጊያለሽ?» አላት፣ የቱታውን የደረት ኪስ መታ መታ እያደረገ። «እኔ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ካላለፍኩ አንቺም ንክች አታደርጊያትም። ለማንኛውም ጥያቄ የሚሆን አንድ ድርሰት ጻፊልኝ፤ እሸመድደዋለሁ። ጓደኛዬ እንደዚያ ነው ያለፈው።»

እህቱ ነርስ ናት። የሌላውን ቁስል ስትሰፋ ትውልና የራሷን በሻርፕ ትሸፍናለች። ባልደረቦቿ ሲጠይቋት ደረጃ አዳልጧት ነው። እናታቸው ደግሞ ልጇ ስትጮህ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች። ነርሷ ከዚያ ቤት የምትወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ሆስፒታል ሊቀጥራት የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤቷን እየጠበቀ ነው። ወንድሟም መሄድ ይፈልጋል። የፈተናው የጽሑፍ ክፍል ላይ ሲደርስ ግን ሁሌ ይወድቃል፤ በወደቀ ቁጥር የሚያብጠው የእሷ ፊት ነው።

«ጋሼ፣ የተሸመደደ ድርሰት ያውቁታል እኮ። የጠየቁህን ካልመለስክ ዋጋ የለውም» አለችው።

የጎማ ማውለቂያውን ብረት አንስቶ ከጆሮዋ አጠገብ ግድግዳውን ነረተው። የልስኑ ፍርፋሪ ዐይኗ ውስጥ ገባ። ክርክሩም በዚያው አለቀ።

ተቀምጣ ጻፈች። እውነቱን ለመናገር ብረቱን ነጥቃ አናቱን ብትለው በወደደች። የእንግሊዝኛ ኮርስ መምህሯ ሁሌ የሚሉት ትዝ አላት፦ አቋማችሁን መጀመሪያው መስመር ላይ ተናገሩ፣ ከራሳችሁ ሕይወት ምሳሌ ስጡ፣ የማትወዱትንም ወገን ሐሳብ ሳታጣምሙ አስገቡ፣ ከዚያ ደምድሙ። እንዳሉት አደረገች። እሱ እንዳይገባው ደግሞ ከባድ ከባዱን የእንግሊዝኛ ቃል መረጠች።

«ስለ ምንድን ነው?» አላት።

«ስለ ቤተሰብ።»

«ሲስተር የሚል አያለሁ። አንቺን ነው?»

«ምሳሌ ነው።»

«ቤተሰብ ጥሩ ነው፤ የትም ይገባል» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ከፓስፖርቷ ጎን ከተተው።

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁመው! ጎማ ሲነፋ ይሸመድዳል፣ ቡሎን ሲፈታ ይሸመድዳል። ደንበኞቹ «እንግሊዝኛው ፈሰሰ እኮ!» ሲሉት ደረቱ ይነፋል። መስመር ሲጠፋበት እህቱን በክርኑ ጎኗን ደቁሶ «ቀጥሎ ምን ነበር?» ይላታል፤ እሷም ትንፋሿ እስኪመለስ ጠብቃ ትነግረዋለች። የገዛ ጥፋቱን እንደዚያ ጮክ ብሎ ሲለው ስትሰማ አንጀቷ ይርስ ነበር።

የፈተናው ቀን ሰልፍ ላይም ሲያነበንብ ከፊቱ የቆመች ልጅ ዞር ዞር እያለች አየችው። አድናቆት መሰለውና ድምፁን ጨመረ። ያለ ፓስፖርት ስለማያስገቡ በሩ ላይ ለእህቱ ፓስፖርቷን ሰጣት፤ «ስንወጣ ትመልሻለሽ፤ ካልሆነ አጥንትሽን ነው የምለቅመው» አላት።

ጥያቄው የከተማ መንገድ ለመኪና ይሠራ ወይስ ለእግረኛ የሚል ነበር። እሷ አሰበችና ጻፈች። እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነበር፤ ጥያቄውን ሁለቴ እንኳን ሳያይ ወረቀቱን ሞላው።

«አበራየሁት!» አለ ግቢው ውስጥ እየሳቀ። «በይ አምጪ።»

«አልሰጥህም።»

ቡጢው አፏ ላይ አረፈ። ከአጥሩ ቆርቆሮ ጋር ተላትማ ወደቀች። ተፈታኞቹ ዙሪያውን ቆሙ፤ ማንም አልተነቃነቀም። ደሟን ተፋችና ተነሳች።

«የጻፍከውን ልንገርህ? ‹አቅም የሌለውን የሚመታ ሰው ፈሪ ነው። እኔም ፈሪ ነኝ።› የመጀመሪያው መስመር ነው።»

«ምን?»

«‹ለምሳሌ የእህቴን ክንድ በር መሀል አድርጌ ዘጋሁበት። እናቴ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገች።›»

ሆዷን በጉልበቱ መታትና ስትታጠፍ ጸጉሯን ጨምድዶ አቃናት። «ውሸታም! ዝም በይ!»

«እውነቷን ነው» አለች ሰልፍ ላይ ከፊቱ የነበረችው ልጅ። «እንደዚያ ስትል ሰምቼሃለሁ። እኔማ ያምሃል ብዬ ነበር።»

ጎሚስታው ዙሪያውን ቃኘ። ነርሷ ጸጉሯ እንደተጨመደደ ቀጠለች፤ አሁን ግን ድምፅዋ ተሰበረ።

«‹በሌላ በኩል አባታችን ሲሞት ትምህርቴን አቋርጬ ጎማ መንፋት ጀመርኩ። ደብተሯን የገዛሁት እኔ ነኝ። ትኩሳት ሲጥላት አዝያት ሐኪም ቤት ድረስ የሮጥኩት እኔ ነኝ።›»

ጸጉሯን የያዘው እጅ ላላ።

«ይሄንንም ጽፈሻል?»

«አንተ ነህ የጻፍከው። በገዛ እጅህ።»

«መጨረሻውስ?»

ትወደው ነበር፤ ጭንቁ ይሄ ነው። «‹ስለዚህ እህቴ ትሂድ። እኔ እንዳልከተላት በሩን ዝጉብኝ።›»

እጁን ከጸጉሯ አወጣ። ብዙ ሰው እያየው መሆኑን የረሳ ይመስል ነበር። «ድርሰቱ… ጥሩ ነው?» አላት።

«ከጻፍኩት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። ግን የተጠየቅነው ስለ መንገድ ነበር። ወድቀሃል፣ ጋሼ።»

ቡጢው እንደገና ሲጨበጥ አየች። የት እንደሚያሳርፈው ለማየት አልቆመችም። ፓስፖርቷን ጡት መያዣዋ ውስጥ ሻጥ አድርጋ፣ በሻርፗ አፏን ሳትሸፍን ወጣችና ወደ ቤት የማይሄደውን አውቶብስ ተሳፈረች።