የአሰንዳቦው ቅጥቅጥ

ሩፈይዳ ሐሳብ የማይለቃት ሰው ናት። በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ትነካካዋለች። ምድጃው መጥፋቱን በዓይኗ አይታ እንኳ መንገድ ላይ «አጥፍቼው ይሆን?» እያለች ትብሰለሰላለች። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ይህን ጠባይዋን ስለለመደው፣ «የሆነ ነገር አለ» ስትል ቀና ብሎ የሚያያት የለም። እሷም ብትሆን ራሷን አታምንም።

ቤቷ አሰንዳቦ ነው፤ ሥራዋ ጅማ፣ ጊንጆ ውስጥ በወይዘሮ ትርፌ ልብስ ስፌት ቤት። በየጠዋቱ ጅማ የሚያደርሳት የጎሳዬ ቅጥቅጥ ነው። ይህ አውቶቡስ ዕድሜው የገፋ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ሲሄድ መስታወቱ ሁሉ የሚንቀጠቀጥ መኪና ነው። ሾፌሩ ጎሳዬ ግን ስሙን በክፉ ሲያነሱበት አይወድም። ረዳቱ ሀምዳን በዕድሜ ይበልጠዋል፤ መኪናውን በመውደድ ደግሞ ከእሱ ይብሳል።

ተሳፋሪው በመኪናው ላይ ያለው ቅሬታ አያልቅም፤ የሚነገረው ግን እርስ በርስ፣ ያውም በሹክሹክታ ነው። ከሾፌሩ ጆሮ እንዲደርስ የሚፈልግ የለም። ነገ ጠዋት ቦታ ቢከለክልስ? አባቦራ የሚባሉት ሽማግሌ የቡና ነጋዴ ጉልበታቸው ከፊት ካለው ብረት ጋር እየተጋጨ መከራቸውን ያያሉ። ያቤፅ ደግሞ ሞባይል ጠጋኝ ነው። አዲስ አበባ ሠርቶ ስለተመለሰ ሁሉን ነገር ከዚያ ጋር ያወዳድራል።

«የከተማው ባቡር እኮ ሌላ ነገር ነው» ይላል። «በሩ ራሱ ይከፈታል። ራሱ ይዘጋል። ጉድጓድ የለ፣ አቧራ የለ።»

«ቆሞ ነው አሉ የሚኬደው» ይላሉ አባቦራ።

«እሱስ አዎ። ጠዋት ጠዋት ትንፋሽ ለትንፋሽ ተያይዘን ነበር የምንሄደው። አንዳንዴማ ሦስት ባቡር አሳልፌ ነው የምገባው።»

«ታዲያ ከዚህ በምን ተሻለ?»

«ኧረ አባቦራ፣ ቢያንስ ወንበሩ አይነቃነቅም!»

«እኔ ባቡር ወደ እኛ ይመጣል ሲባል ስሰማ ጢሜ ሸበተ። እስኪመጣ ድረስ ይሄው ነው ባቡራችን» ይሉና ጉልበታቸውን ያሻሉ።

ሩፈይዳ በዚህ ጨዋታ ብዙም አትገባም። የምትቀመጠው ከኋላ ጎማው በላይ ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ እግር መዘርጋት ስለማይቻል የሚሻማት የለም። የቡና ለቀማ ተጀምሮ ጣሪያው ላይ ጆንያ መከመር ከጀመረ ወዲህ፣ ከወንበሯ ሥር የተቃጠለ ነገር ሽታ ይመጣል። ጎሳዬ ፍሬን በያዘ ቁጥርም ከታች ቀጭን ጩኸት ትሰማለች። ሬዲዮው ሲከፈት፣ ሰው ሲያወራ፣ ጩኸቱ ይጠፋል። ዝም ሲል ይመለሳል።

አንድ ቀን ጅማ መናኸሪያ ሲደርሱ ሰው እስኪወርድ ጠብቃ ወደ ጋቢናው ሄደች።

«ጋሼ፣ ከኋላ ጎማ በኩል ይሸታል። ፍሬን ሲይዙም ይጮኻል።»

«ክላች ነው የሚሸተው» አላት ጎሳዬ ሳያያት። «ጭነት ስላለ ነው።»

«ግን እኮ የሚሸተው ከኋላ—»

«አንቺ ልጅ» አለ ሀምዳን እየሳቀ፣ «ባለፈው ጎማው ሊፈነዳ ነው አልሽ። ከዚያ በፊት ደግሞ ዝናቡ ድልድይ ይወስዳል አልሽ። ወላሂ አንቺን ይዞ መሄድ ከጭነቱ ይከብዳል።»

እውነቱን ነው፤ ብላ ነበር። አፍራ ሄደች።

በማግስቱ የምትጓጓለት ቀን ነበር። ወይዘሮ ትርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ የሙሽራ ልብስ ብቻዋን እንድትቆርጥ ፈቅደውላታል። ሙሽራዋ ለልኬት የምትመጣው በጠዋት ነው። ሩፈይዳ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ከሁሉ ቀድማ ተሳፈረች።

መኪናው ገና ከአሰንዳቦ ሲወጣ ሽታው መጣ። ከወትሮው ይብሳል። ጫማዋን አልፎ ሙቀት እግሯን የነካት መሰላት። «እኔው ነኝ» አለች በልቧ፤ «ስለ ሙሽራዋ ስለምጨነቅ ነው።» መስታወቱን ከፈተች፣ ዘጋች። መቀሷን ከጭኗ ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ መልሳ አወጣች። ያቤፅ ዞሮ አያት።

ሰርቦ ከመድረሳቸው በፊት አንድ ቁልቁለት አለ። ጎሳዬ ፍሬን ያዘ። መኪናው ጮኸ፤ ግን ፍጥነቱ ወዲያው አልቀነሰም። ትንሽ ከሄደ በኋላ ነው ያዝ ያደረገው። ሩፈይዳ ሳታስበው ከወንበሯ ተነስታ ነበር።

«ወራጅ አለ!»

«የት?» አለ ሀምዳን። «እዚህ ቡና መሃል?»

«አውርዱኝ!»

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጎሳዬ እያጉረመረመ ዳር ያዘ። ሩፈይዳ ወረደች። መሬት ስትረግጥ መጀመሪያ የታሰበቻት ሙሽራዋ ናት። አሁንም ተመልሳ መግባት ትችላለች፤ ሰው ትንሽ ይስቃል፣ ከዚያ ያልፋል። እጇ የበሩን ብረት እንደያዘ ቀረ።

«ልንሄድ ነው» አለ ሀምዳን። «ትገቢያለሽ፣ ትቀሪያለሽ?»

«እቀራለሁ» አለች። ወደ ውስጥ ጮክ ብላ፣ «እናንተም እኮ ይሸታችኋል! ትናንት አባቦራ አፍንጫቸውን በጋቢ ሸፍነው አይቻለሁ!» አለች።

አባቦራ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ዱጋ ነው፤ እውነቷን ነው» አሉ። «ሸትቶኛል። ዝም ያልኩት ገበያ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።»

እሳቸው ሲወርዱ ያቤፅ ተከተላቸው። ከዚያ ሕፃን ያዘለች ሴት። ከዚያ ሁሉም፤ አንዳንዱ እየተራገመ፣ አንዳንዱ ሌላው ስለወረደ ብቻ። ጎሳዬ ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ ሲመለከት ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«በሰው ፊት ልታዋርዱኝ ነው? በአንዲት ፈሪ ልጅ ወሬ? እሺ ቅሩ!» አለና በሩ ላይ ወርዶ የቆመውን ሀምዳንንም ትቶ ባዶውን መኪና አስነስቶ ሄደ።

ወዲያው መንገዱ ዳር ጸጸት ተጀመረ። ከአሰንዳቦ የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ ሞልቷል፤ እጅ ቢያወጡለትም ጥሩንባውን ነፍቶ ያልፋል። ፀሐይ ከረር አለች። ሕፃን ያዘለችው ሴት ሆስፒታል ቀጠሮ እንዳላት ስትናገር ሁሉም ሩፈይዳን አዩ። ሀምዳን ከሰው ተለይቶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሩፈይዳ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው እየሄደች ትመለሳለች። በመጨረሻ አሸዋ የጫነ መኪና ሴትዮዋን ከነሕፃኗና አባቦራን ጋቢና አስገባ፤ ሌሎቹ አሸዋው ላይ ወጡ።

ጊንጆ ስትደርስ ረፍዶ ነበር። ሙሽራዋ ጠብቃ ሄዳለች፤ ጨርቁ የሌላ ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ወይዘሮ ትርፌ ፀጉሯ ላይ ያለውን አሸዋ እያዩ ሰሟት።

«መኪና ሸተተኝ ብለሽ የሰው ሙሽራ ታስጠብቂያለሽ?» አሉ። አልጮኹም፤ መጮኹ ይሻላት ነበር። «በይ፣ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም እጠፊ።»

ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ውጭ ነበር። በር ላይ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ወጥታ «የጎሳዬ መኪና ደህና ገብቷል?» ትላለች። ከሰዓት በኋላ አንዱ፣ «ጠዋት መናኸሪያ ሲገባ አይቼዋለሁ፣ ምን ሆነ?» አላት። «አልሃምዱሊላህ» አለች ከልቧ። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ግን ከፋት። ደህና ገብቷል። ታዲያ እሷ ምን ሆና ነው ያን ሁሉ ሰው ያወረደችው? እንዲህ ማሰቧ ደግሞ አስፈራት። «ያ ረቢ፣ ምን ብዬ ነው የማስበው?» ብላ ወደ መርፌዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ቅጥቅጡ አሰንዳቦ አልመጣም። የወትሮው ተሳፋሪ ሚኒባስ ለመያዝ ሲጋፋ፣ «እሷ ናት እኮ ያስኮረፈችው» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። በቀጣዩም ቀን አልመጣም። ጎሳዬ ራሱ ብቅ ያለው ከዚያ በኋላ፣ በእግሩ፣ በፌስታል ከባድ ነገር አንጠልጥሎ ነው። እሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሩፈይዳ መጣ።

«እናንተ ከወረዳችሁ በኋላ በንዴት ሬዲዮውን ዘጋሁት» አለ። «ባዶ መኪና ነድቼ አላውቅም። ከኋላ ብረት ብረትን ሲበላ ሰማሁ። መጀመሪያ ሌላ መኪና መስሎኝ በመስታወት አየሁ። ማንም የለም። ጅማ እስክገባ በአንደኛ ማርሽ ነው የሄድኩት።»

ከፌስታሉ የፍሬኑን ሸራ አወጣ። ሸራ የሚባል ነገር አልቀረበትም፤ ብረቱ ብቻ ነው የተረፈው፣ እሱም በመቃጠል ጠቁሯል።

«መካኒኩ ሲያየው ምን እንዳለኝ አልነግርሽም» አለ ጎሳዬ።

ሩፈይዳ ብረቱን ተቀብላ ገለበጠችው። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ግን መንገዱ ዳር ቁጭ አለች።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉ አባቦራ ጎንበስ ብለው።

«ምንም» አለች። «ሕፃኑን አሰብኩት።»

ጎሳዬ ያን ቀን ጊንጆ ድረስ ሄዶ ለወይዘሮ ትርፌ ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። እሳቸውም ሩፈይዳን ጠርተው፣ «ነፍስ ከልብስ ይበልጣል፤ ተናድጄ ተናገርኩሽ» አሉ። የሙሽራዋ ልብስ ግን ተቆርጦ አልቆ ነበርና ሩፈይዳ ዩኒፎርሙን ስታጥፍ ሰነበተች።

ቅጥቅጡ ተጠግኖ በተመለሰበት ጠዋት ጎሳዬ ሞተሩን ሳያስነሳ ወደ ተሳፋሪው ዞረ።

«ሌላ የምትሉት ካለ አሁን በሉ» አለ።

ትንሽ ተያዩ። ከዚያ አባቦራ ስለ ጉልበታቸው ተናገሩ። አንዲት ሴት ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ትከሻዋ ላይ እንደሚያፈስ ተናገረች። ሌላው ሀምዳን ሰው ሲጭን ይሳደባል አለ። ሀምዳን «እኔ?» ብሎ ሲነሳ ሁሉም በአንድ ላይ «አንተ!» አሉት። ያቤፅ የአዲስ አበባውን ባቡር ሊያነሳ ሲል አሁን ጊዜው አይደለም ብለው አስቆሙት። ጎሳዬ ጭንቅላቱን ይዞ፣ «ኧረ አንድ በአንድ!» ይላል። መነሻው ሰዓት አለፈ።

ሩፈይዳ ሰዓቷን አየች፣ ውጭውን አየች፣ መልሳ ሰዓቷን አየች።

«ጋሼ» አለች መጨረሻ ላይ፣ «የቀረውን ጅማ ስንገባ ይነግሩዎታል። ሥራ ረፈደብኝ።»