ለሰላምታ የተተወ ዝምታ

«ትናንት ደወለልኝ» አሉ አስረሳሽ፣ ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ።

«ልጅዎ ነው? ደኅና ነው?» አለች ኢልሀም።

«የምን ልጅ! ባለቤቴ ነው እንጂ።»

ኢልሀም ቀና ብላ አየቻቸው። የባለቤታቸው የአራጌ ተዝካር እንኳ ገና አልወጣም።

አራጌ በሕይወት ሳሉ የጎሊና ወንዝ ጠሪ ነበሩ። ላይ ደጋው ሲዘንብ፣ ቆላው በፀሐይ እየነደደም ቢሆን ጎርፍ ይወርዳል። እርሳቸው ጉብታው ላይ ቆመው «ውኃ! ውኃ!» ሲሉ ሰውም ከብትም ዳር ይወጣል። ኢልሀም ወልድያ ተምራ ስትመለስ ያንን ጩኸት ወደ ስልክ አዞረችው። ደጋ ያለው ጠባቂ ዝናቡን አይቶ ወደ አንድ ቁጥር ይደውላል፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው ፕሮግራሟ ደግሞ ለወንዙ ዳር ሰው ሁሉ ባንዴ ይደውልና የአራጌን የተቀዳ ድምፅ ያሰማል።

መጀመሪያ ሲሞከር አልሆነም። ድምፁ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ሰዉ ሰላምታውን ይመልሳል፤ የከብቱን፣ የልጆቹን፣ የማሽላውን ደኅንነት ሲዘረዝር ማስጠንቀቂያው ያልፈዋል። አራጌ ስቀውባት ነበር። «ሰላምታ ሳይቀበል ወሬውን የሚያወርድ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ስለዚህ ከሰላምታው ቀጥሎ ትንሽ ዝምታ አስገባች። ፕሮግራሙ በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚባለውን ይቀዳል።

አራጌ ሲሞቱ ድምፃቸውን አጠፋችው። የሙት ድምፅ በየቤቱ እንዲደውል አልፈለገችም። የራሷን ቀጭን ድምፅ ተካችበት። ከዚያ ወዲህ ሰው እየተንቀራፈፈ ነው የሚወጣው።

«ምን አሉዎት?» አለች አሁን።

«ምን ይላል፣ ያው ነው። ‹ነገ ወንዝ እንዳይገቡ በያቸው› አለኝ። እኔ ለማን እላለሁ? ጥሪው ያንቺ አይደል?»

ኢልሀም ላፕቶፗን ከፈተች። ፕሮግራሙ ትናንት ለማንም አልደወለም። የአራጌ ድምፅም የለም። ደጋ ወዳለው ጠባቂ፣ ወደ ዳዊት፣ ደወለች።

«እዚህ? ጠብታ የለም!» አለ ዳዊት። «ሰማዩ እንደ መስታወት ነው። ምነው፣ ቆላው አቃጠለሽ እንዴ?»

ከበሩ ላይ ሆና ወንዙን አየች። አባቷ መህዲ ከጓደኞቹ ጋር ወንዙ መሀል አሸዋ ይጭናል። ፍየሎች ድንጋዩ ላይ ተበትነዋል። «አንዴ በሐሰት ከጠራሻቸው ሁለተኛ አይወጡልሽም» ይሏት ነበር አራጌ። ጠርታ ውኃው ቢቀር፣ የእውነቱ ቀን ማንም አይሰማትም። ሳትጠራ ቢመጣስ አባቷ እዚያ ነው።

«እማማ፣ ሕልም እንዳይሆን?»

«ሕልም ስልክ ያስጮሃል?» አሉ አስረሳሽ።

ኢልሀም የጥሪውን ቁልፍ ተጫነች።

ከወንዙ ስልኮች ሲጮኹ ተሰማ። ከዚያ ማንም አልተንቀራፈፈም። አካፋዎች እዚያው ተጣሉ። ፍየሎቹ እየተነዱ ዳገቱን ወጡ። አባቷ ለወትሮው ጉልበቱን እያሻሸ የሚወጣውን አፋፍ በሩጫ ወጣው።

በድምፅዋ እንዲህ ሲወጡ አይታ አታውቅም። የተላከውን መልእክት ከፍታ አዳመጠች። የራሷ ቀጭን ድምፅ ነው፤ «እንደምን ዋላችሁ» የምትለውም ራሷ ናት። ከዚያ በዝምታው ውስጥ የተቀዳውን መልስ ከፈተች።

መጀመሪያ የፍየሎቹ ባለቤት የሀጀራ ድምፅ መጣ። «ደኅና ነን ጋሼ አራጌ፣ መጣን፣ መጣን።»

ቀጥሎ የአባቷ መጣ። መጀመሪያ ትንፋሹ ብቻ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ... አራጌ? እሺ፣ እየወጣን ነው። አንተ ግን ከየት ነው የምትደውለው?»

አስረሳሽ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ሸፈኑ። ኢልሀም ላፕቶፑን ዘጋችው።

ከቀትር በኋላ፣ ዳዊት ከማያየው ሸለቆ ጎርፍ ወረደ። ወንዙ ውስጥ ሰውም ከብትም አልነበረም።